ቁርጡን ንገሩን፦ ዘምተው ስላልተመለሱ ወታደሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

መጋቢት 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

የሠራዊትና የጡረታ ጉዳይ ለሚመለከታችሁ የመንግሥት የሥራ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ዘምተው ያልተመለሱ፣ ሞታቸውም ያልተነገረ ወታደሮችን ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ደብዳቤ ደረሰን። እኛ ማለት 14 ቤተሰቦች ነን። ማኅበር አይደለንም፤ ማኅተም የለንም። በየመሥሪያ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስንጠብቅ የተዋወቅን ሰዎች ነን። ደብዳቤው በጋራ ላስገባነው ማመልከቻ የተሰጠ መልስ ነው። ስማቸውን የጠቀስናቸው ሰዎች በመዝገብ ላይ ስለሌሉ ጥያቄያችንን ማስተናገድ እንደማይቻል በሁለት መስመር ይገልጻል።

ስለሌሉ። እዚህች ቃል ላይ ቆሜ ቀረሁ።

የጠፋ ሰውና የሌለ ሰው አንድ አይደሉም። የጠፋ ሰው ነበረ። ማዕረግ ነበረው፣ የመለያ ቁጥር ነበረው፣ መንግሥት ደመወዝ ይከፍለው ነበር። የሌለ ሰው ግን ድሮም አልነበረም። እኛ አባቶቻችንን አምጡ ብለን አልጠየቅንም። «ዘምቷል፣ ጠፍቷል» የሚል ወረቀት ነው የጠየቅነው። የመጣልን መልስ ግን መዝመታቸውንም የሚክድ ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለዚህ ነው።

አባቴ በደርግ ዘመን ኤርትራ ውስጥ ሻዕቢያን ይወጋ የነበረው የናደው እዝ ሃምሳ አለቃ ነበር። መጋቢት 1980 አፋቤት ላይ የሆነውን በዕድሜ ገፋ ያላችሁ አትረሱትም። አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በየካቲት፣ አዛዣቸው ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታቸው ተረሽነው ነበር። መጋቢት 8 ውጊያው ተከፈተ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ያ ሁሉ ጦር ፈረሰ። ሊወጣ የሞከረው የተሽከርካሪ ሰልፍ ጠባብ መንገድ ላይ ታንቆ ቆመ። መሣሪያው በጠላት እጅ እንዳይገባ ተብሎ የራሳችን አውሮፕላኖች ደበደቡት። እዚያ የቀሩት በሺዎች ናቸው። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተማረከ የሚቆጥር ሰው ግን አልተረፈም።

እኔ ያኔ የአንድ ዓመት ሕፃን ነበርኩ። አባቴ በጥር የጻፈው የመጨረሻ ደብዳቤ እጄ ላይ አለ። «ልጄ ጥርስ አወጣች ወይ?» ይላል። ለፈቃድ አስመራ ወርዶ የተነሳው ፎቶም አብሮ አለ። እማዬ ፊደል ሳታስቆጥረኝ በፊት ያንን ፎቶ አስጠናችኝ።

ለእማዬ ከመንግሥት የመጣላት መርዶ የለም። በየወሩ የምትቀበለው ተቆራጭ ነበር፤ አባቴ ከደመወዙ ለቤቱ እንዲከፈል ያዘዘው። ከአፋቤት በኋላም ለጥቂት ወራት ተከፈላት። አንድ ቀን ስትሄድ ገንዘብ ከፋዩ ዝርዝሩን አገላብጦ ስሙን አጣ። «ቆሟል» አላት። ለምን ብትለው እሱም አያውቅም። ወደ ቤት የተመለሰችው በእግሯ ነው። ቤት ስትደርስ ጎረቤቶች ፊቷን አይተው ሊያለቅሱ ተነሱ። «ማንም ሞተ አላለኝም፣ እንዳታለቅሱ» ብላ አስቆመቻቸው።

ማታ ማታ ሬዲዮ ትሰማ ነበር። የሻዕቢያ ሬዲዮ በአማርኛም ያሰራጭ ነበር፤ የምርኮኞችን ድምፅም ያሰማል። መስማቱ አደጋ ነው። እሷ ግን ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ሬዲዮኑን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትሰማለች። በዚያው በ1980 ከሶማሊያ ጋር ስምምነት ተደርጎ በኦጋዴን ጦርነት የተማረኩ ወታደሮች ተመለሱ። የጦር ጀት አብራሪው ለገሠ ተፈራ ከ10 ዓመት በላይ በእስር ቆይተው ከገቡት አንዱ ነበሩ። ይህን ስትሰማ እማዬ ለራሷ ቀጠሮ ሰጠች። «10 ዓመት እጠብቃለሁ» አለች። ከዚያ ቀጠሮውን አራዘመችው።

ግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱም ተበተነ። በሱዳን የዞሩ፣ በረሃ በእግራቸው ያቋረጡ ወታደሮች ከተማውን ሞሉት። እግራቸው አብጦ፣ በሰው ደጅ ቆመው ውሃ የሚለምኑ፣ ትናንት መቶ አለቃ የነበሩ ሰዎች። እማዬ ፎቶውን ይዛ አውቶቡስ ተራ ትቆም ነበር። አንዱ «አፋቤት ቆስሎ አይቼዋለሁ» አላት። ሌላው «ከምርኮኞቹ ጋር ነበር» አላት። ሁለቱንም አመነቻቸው። ከዚያ በኋላ የት ትጠይቅ? የላከው መንግሥት የለም። የላከው ጦር የለም። አዲስ የመጡት «የደርግ ወታደር» ሲሉ ድምፃቸው ላይ ያለውን ነገር ትሰማለች።

ልደታ የነበረው ቤታችን ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ወደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሄድን። ሰው ሁሉ ዕቃ ይጭናል፤ እማዬ ወረቀት ትጽፋለች። አዲሱን አድራሻ፣ የብሎኩን ቁጥር፣ የኔን ስልክ ጽፋ ለባለ ሱቁ ሰጠች። አንዱን ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ። «አንድ ሰው ሃምሳ አለቃ ነኝ ብሎ ቢመጣ» አለቻቸው። ሱቁም በኋላ ፈረሰ። ዘበኛውም አረፉ።

እማዬ ዓምና አረፈች። ሞቷን ላስመዘግብ ስሄድ ቅጹ ላይ «የጋብቻ ሁኔታ» የሚል ነበር። መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን ይዛ «ያገባች ነው ባሏ የሞተባት?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ልጅቷ ደግ ነበረች፤ ጠበቀችኝ። በመጨረሻ «ያገባች» በይ አልኳት። እናቴ 37 ዓመት ያገባች ሆና ሞተች።

የሞተበት ሰው ያለቅሳል። ድንኳን ይጣላል፣ ዕድርተኛ ይሰበሰባል፣ ሰልስቱ ይወጣል፣ አርባው ይደገሳል፣ በዓመቱ ተዝካር ይወጣል። ሐዘን በአገራችን መንገድ አለው። እኛ ቤት ያ መንገድ አልተከፈተም። ፍትሐት እንዳይደረግ መሞቱ አልታወቀም። ስለት እንዳይሳል መኖሩ አልታወቀም። አብረውን ካሉት እናቶች አንዷ ሙስሊም ናቸው፤ «ሰደቃውን በየትኛው ቀን ላውጣ?» ይላሉ። እማዬም እሳቸውም የሚሉት አንድ ነበር፦ እርማችንን አላወጣንም።

አሁን በደሉን ልዘርዝር።

አንደኛው ከበር ወደ በር መመላለሱ ነው። አንዱ ቢሮ «የድሮው ሠራዊት መዝገብ እኛ ዘንድ አይደለም» ይላል። ወደ ሁለተኛው ይልከናል። ሁለተኛው «እኛ የምናውቀው በሕይወት ያለ ጡረተኛ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ከመጀመሪያው ቢሮ ደብዳቤ አምጡ» ይላል። እኔ ብቻ በዚህ ዙር 3 ጊዜ ተመላልሻለሁ። አብረውን ያሉ አንድ የ81 ዓመት አባት ልጃቸው በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ በ1981 ሽሬ ላይ፣ 604ኛ ኮር ሲፈርስ ጠፍቷል። በሄዱበት ቢሮ ሁሉ ሊፍት የለም። ደረጃውን እኛ እየደገፍናቸው ነው የሚወጡት። አንድ ወጣት ሠራተኛ «አባቴ፣ ይኼ ጉዳይ አርጅቷል» አላቸው። ክፉ ልጅ አልመሰለኝም። ግን እሳቸው ከዚያ ቀን በኋላ አብረውን አልወጡም።

ሁለተኛው፣ ሞቱን እንድናረጋግጥ የምንጠየቀው ነገር ነው። ጡረታ ለመጠየቅ የሞት ምስክር ወረቀት አምጡ ይባላል። ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ ሲሞት ያየ ወይም የቀበረ ምስክር። አፋቤት ላይ ማን ማንን ቀበረ? ምስክሩ ከተገኘም ከተራፊዎቹ ነው፤ እነሱም እየሞቱ ነው።

ሕጉ ሌላ በር አለው፣ አውቃለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 2 ዓመት ሙሉ ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲወሰን ማመልከት ይቻላል ይላል። ብዙዎቻችን ይህን ያወቅነው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ቀድሞ የነገረን የለም። እማዬ ስትሰማም አልሄደችም። ምክንያቱን ልንገራችሁ። በቤተሰብ ሕጉ የመጥፋት ውሳኔ ሲሰጥ ጋብቻው ይፈርሳል። «አገር የጠራውን ሰው እኔ በፍርድ ቤት ልፈታው?» አለች። ሕጉ መጥፎ ነው አልልም፤ ነጋዴ ለጠፋባትም፣ ስደተኛ ለጠፋባትም የተጻፈ ነው። ወታደር ግን በራሱ መንገድ ሄዶ አልጠፋም። የላከው አለ። መጥፋቱን መናገር ያለበት የላከው ነው፤ ሚስቱ ከሳሽ ሆና በችሎት የምትቆምበት ምክንያት አይታየኝም።

ምጽዋ ላይ በየካቲት 1982 ባላቸውን ያጡ እናት ደግሞ ችሎት ሄደው ውሳኔውን አወጡ። 3 ልጆች ነበሯቸው፤ ምርጫ አልነበራቸውም። ምጽዋ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጄን አልሰጥም ብለው የወደቁበት ቦታ ነው። ዛሬ በጀግንነት ይነሳሉ፤ ይገባቸዋልም። አብረዋቸው የነበሩት ተራ ወታደሮች ሚስቶች ግን ውሳኔውን ይዘው ሲሄዱ «የአገልግሎት ማስረጃ ጎድሏል» ነው የተባሉት። ፋይሉ አሁንም አንድ መደርደሪያ ላይ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ነው። ከአፋቤት ከተማረኩት አንዱ ዛሬ 65 ዓመታቸው ነው፤ ሜካኒክ ናቸው። በምርኮ ሳሉ የሲጋራ ወረቀት ላይ የጓዶቻቸውን ስም ይጽፉ ነበር። ሲመለሱ በደብተር ገለበጡት። 43 ስም አለ። ከአንዳንዱ ጎን «በወባ ሞተ፣ እኔና አንድ አሥር አለቃ ቀበርነው» ይላል። ከአንዳንዱ «ቆስሎ ጉድጓድ ውስጥ ተውነው» ይላል። ከጥቂቶቹ ስም ብቻ፣ ከዚያ የጥያቄ ምልክት። ይህን ደብተር ይዘው ሁለት ቦታ ሄዱ። የሚረከባቸው አጡ። «የየትኛው መዝገብ ቤት ሰነድ ነው?» ተባሉ። ማኅተም የለውማ! ማን ያትምበት? በዚያ ደብተር ውስጥ የአባቴን ስም ፈልጌያለሁ። የለም። ከ14ታችን ግን አንዱ ወንድሙን አገኘ። በወባ ከሞቱት አንዱ ነው። ሰውየው ደብተሩን አቅፎ እዚያው መንገድ ዳር አለቀሰ። በሳምንቱ ፍትሐት አስደረገ። ሁላችንም ሄድን። አንድ የሜካኒክ ደብተር በአንድ ቀን ያደረገውን አያችሁ?

አራተኛውን በአጭሩ ልበል። ስማቸው የተጻፈበት ቦታ የለም። ይህች አገር ወታደሯን ቆጥራ ታውቃለች። ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ አንድ ምርኮኛ ሳያስይዝ ተመለሰ፤ የወደቁትም አስከሬናቸው ለአገራቸው አፈር በቃ። መታሰቢያቸው አፍንጮ በር ቆሟል። በኦጋዴን ለወደቁት ትግላችን ሐውልት አለ፤ አብረውን የተሰለፉት የኩባ ወታደሮች ምስል ሳይቀር እዚያ ይታያል። ስለነዚህ ቅር አይለኝም፣ ደስ ይለኛል። ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ። ትልቁ ልጄ ፎቶዎቹን እያየ «አያታችን የቱ ነው?» አለኝ። የደርግ ዘመኑ የሰሜን ጦርነት ወታደር የተሸነፈ ሠራዊት ወታደር ስለሆነ ይሆን የሚረሳው? ጦርነቱን የመረጠው እሱ አይደለም። ስለዚያ ሥርዓት የሚባለው ብዙ ነው፤ እኔም የምለው አለኝ። ሃምሳ አለቃው ግን ለአገሬ ብሎ የሄደ የ28 ዓመት ልጅ ነበር።

አምስተኛው፣ ጉዳዩ ያረጀ አለመሆኑ ነው። ከ14 ቤተሰቦች ሦስቱ ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የጠፋባቸው ናቸው። ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ የተፈረመው ስምምነት ምርኮኞች ሳይዘገዩ ይለቀቁ ይላል። በ1994 መጨረሻና በ1995 መጀመሪያ ከሁለቱም ወገን በቀይ መስቀል በኩል ተለቀቁ። የጦር አውሮፕላን አብራሪው ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በመካከላቸው አልነበሩም። አውሮፕላናቸው አስመራ ላይ ተመቶ በሕይወት መያዛቸውን ዓለም ያውቃል። የሳቸው ዕጣ እንኳ እስከ ዛሬ ሳይነገር ከቀረ የኛ ተራ ወታደሮች ነገር ምን ይሆናል? መስከረም 1 ቀን 2011 ድንበሩ ሲከፈት ከኛ አንዷ ዛላምበሳ ድረስ ሄዳ ነበር። ሰዉ ይተቃቀፋል፣ ይጨፍራል። እሷ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ጾረና ላይ የጠፋ የወንድሟን ፎቶ ከፍ አድርጋ ቆመች። የኤርትራ እናቶችም ፎቶ ይዘው መጥተው ነበር። ከነሱ አንዷ የያዘችውን ፎቶ ከኛዋ ፎቶ ጎን አስደግፋ አብራት ቆመች። በቋንቋ አልተግባቡም። ድንበሩ በወራት ውስጥ መልሶ ተዘጋ።

ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ደግሞ አዳዲስ እናቶች ወንበሩ ላይ መጥተው ተቀምጠዋል። ስልካቸውን ከፍተው የልጃቸውን ፎቶ ያሳዩናል። «እናንተ ስንት ጊዜ ጠበቃችሁ?» ሲሉን እውነቱን ለመናገር እናፍራለን። 38 ዓመት እንዴት ይባላል?

ኢትዮጵያ በ1986 የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በአንቀጽ 32 ቤተሰብ የዘመዱን ዕጣ የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጹ ለየትኛው ጦርነት ይሠራል የሚለውን የሕግ ሰዎች ይከራከሩበት። እኔ የምይዘው አሳቡን ነው፤ አገሬም ተቀብላዋለች።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

መጀመሪያ የሜካኒኩን ደብተር ተረከቡ። ዛሬ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ። እንደሱ ያለ ደብተር ያላቸው፣ ደብተር ባይኖራቸውም የሚያስታውሱ የቀድሞ ምርኮኞችና ተራፊዎች በየክልሉ አሉ። አብዛኞቹ 60 ዓመት አልፏቸዋል። አንድ ሰው መቅረጫ ይዞ ይሂድላቸው። የክፍሉን ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ያዩትን ይናገራሉ። ይህ ትልቅ በጀት አይፈልግም፤ ጊዜ ግን አይሰጥም።

አንድ በር ስጡን። ከየትኛውም ዘመን ይሁን፣ ከደርግም ከባድመም ከቅርቡም፣ ወታደር የጠፋበት ሰው የሚያመለክትበት አንድ ጠረጴዛ። እዚያ የሚቀመጠው ሰው መልስ ባይኖረው እንኳ መዝገቡን ከፍቶ ስሙን ይጻፍ።

«ዘምቶ የጠፋ» የሚል ማስረጃ እንዲሰጠን እንጠይቃለን፤ ቤተሰቡ ሞትን ሳያስመሰክር፣ ሚስትም ትዳሯን በችሎት ሳታፈርስ ጡረታ ለመጠየቅ የሚያበቃ። ሕግ መሻሻል ካለበት የሚያሻሽለው ምክር ቤት አለ፤ ጉዳዩን እናንተ አቅርቡ።

ከኤርትራ መንግሥት ጋር በምትነጋገሩበት ጊዜ የጠፉትና የተቀበሩበት ቦታ ከአጀንዳው አይውጣ። እዚያም የሚጠብቁ እናቶች አሉ። ቀይ መስቀል መካከል ቢገባ ከሁለቱም ወገን ስም ለስም መለዋወጥ ይቻላል። አፋቤት ሄደን መሬቱን ማየት ብንችል፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ከዚያ በላይ አንጠይቅም።

ስማቸው ይጻፍ። ሐውልት ባይሆን ግድግዳ ይሁን። በየዓመቱ አንድ ቀን ቢሰጠን፣ ቀን የሌለን ሰዎች ቀን ይኖረናል።

ፈልጋችሁ ካጣችሁ ደግሞ ቁርጡን ንገሩን። «ፈልገን አላገኘነውም» ብላችሁ ስማችሁን ጽፋችሁ ፈርሙበት። «የለም» የሚለውን ደብዳቤ ግን እንድትስቡት እንጠይቃለን። ለእያንዳንዱ ስም አዲስ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ማመልከቻችን እንዳልተመለሰ እንቆጥረዋለን።

የአባቴ ስም፣ ማዕረግና የመለያ ቁጥር በማመልከቻው 2ኛ ገጽ፣ ተራ ቁጥር 6 ላይ ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣

የናደው እዝ ሃምሳ አለቃ ልጅ
የ14 የጠፉ ወታደሮች ቤተሰቦች ተወካይ

አባሪ፦ በአንድ የቀድሞ ምርኮኛ እጅ የተጻፈ የ43 ሰዎች ስም ዝርዝር ቅጂ